ፖስታውና የተዘጋው ማዕድን

በጃንዋሪ 1899 በሄለና ከተማ፣ የሞንታና ግዛት ሕግ አውጪዎች በተሰበሰቡበት፣ ፍሬድ ዋይትሳይድ የተባለ የግዛቱ ሴናተር ብድግ ብሎ ፖስታዎች አቀረበ። ሲከፈቱ ባለ 1,000 ዶላር ኖት ሠላሳ ፍሬ ተቆጠረ። ዋይትሳይድ ገንዘቡን የሰጡት የመዳብ ባለሀብቱ የዊልያም ክላርክ ሰዎች መሆናቸውንና የፈለጉትም ድምፅ መሆኑን ለተሰብሳቢው ተናገረ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን የአሜሪካን ሴኔት አባላት የሚመርጠው የየግዛቱ ምክር ቤት ነበር፤ ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ከ1913 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን መግባት የሚሻ ሀብታም ብዙ ሺህ መራጭ ማሳመን አያስፈልገውም ነበር። ሄለና ከሚቀመጡት መቶ ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ በላዩን ከያዘ ሥራው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ወለድ ይመስላል። ጉዳዩን የመረመረው የሄለና የዳኞች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) ማስረጃው ለክስ አይበቃም አለ። ዋይትሳይድ በሌላ ሰበብ መቀመጫውን ተነጠቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ምክር ቤቱ ክላርክን ሴናተር አድርጎ መረጠው። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በጉዳዩ ላይ ወራት የፈጀ ምርመራ አካሂዶ በ1900 ክላርክ በአግባቡ አልተመረጠም ብሎ ሲወስን፣ ሰውየው ውሳኔው በሴኔቱ ሳይጸድቅበት ሥልጣኑን ለቀቀ። ያን ጊዜ የግዛቱ ገዥ ከሞንታና ወጥቶ ነበር፤ ተጠባባቂው ግን የክላርክ ወዳጅ ነው። ተጠባባቂው ክላርክ ራሱ በለቀቀው ወንበር ላይ መልሶ ክላርክን ሾመ። ገዥው ተመልሶ ሹመቱን ሻረው። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ምክር ቤት ክላርክን እንደገና መረጠውና እስከ 1907 ድረስ በሴኔት ተቀመጠ።

ገንዘብ ፖለቲካን ያበላሻል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህን የመሰለ ታሪክ ነው። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ በመካከላቸው ፖስታ አለ። ስሙ በማንም ቋንቋ ጉቦ ነው፤ በማንም አገር ሕግ ወንጀል ነው። ሞንታና ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር አየች። ያን ጊዜ ማንም ለማንም ፖስታ አላቀበለም፤ ግዛቲቱ ግን ከክላርክ ጊዜ ይልቅ ተንበረከከች። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ያርፋል። ላለፉት መቶ ዓመታት የኩባንያ ገንዘብን ከምርጫ ለማራቅ በአሜሪካ የተደረገው ትግል፣ ውስጡ ሲታይ፣ ሕግ የመጀመሪያውን ዓይነት ብልሽት ብቻ ይይ ወይስ ሁለተኛውንም ይመልከት የሚል ክርክር ነው።

ጉቦ ያልተበላበት ጥቅምት

የሞንታናዋ የቢዩት ከተማ የተሠራችበት ኮረብታ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሀብታም ነው ይባል ነበር። ዓለም ቤቷን በኤሌክትሪክ ማብራትና ስልክ መዘርጋት በጀመረችበት ጊዜ ሽቦው ሁሉ መዳብ ይፈልጋል፤ መዳቡ ደግሞ ከቢዩት ሰዎች እግር ሥር ነበር። በ1899 የስታንዳርድ ኦይል ባለሀብቶች፣ ሄንሪ ሮጀርስና ዊልያም ሮክፌለር፣ ዋናውን የአናኮንዳ ማዕድን ገዝተው አማልጋሜትድ ኮፐር የተባለ ግዙፍ ኩባንያ አቋቋሙ። በመንገዳቸው ላይ የቆመው አውግስጦስ ሃይንዚ የተባለ ወጣት የማዕድን መሐንዲስ ነበር።

የሃይንዚ መሣሪያ ፍርድ ቤት ነበር። በ1872 የወጣው የማዕድን ሕግ፣ የመዳቡ ጅማት ወደ ምድር ገጽ ብቅ ያለበትን ቦታ የያዘ ሰው ጅማቱን ተከትሎ በጎረቤቱ መሬት ሥር ድረስ እንዲቆፍር ይፈቅድ ነበር። ሃይንዚ ትናንሽ ቁራሽ መሬቶች እየገዛ፣ የአማልጋሜትድ ሀብት ከእኔ መሬት የሚነሣ ጅማት ነው እያለ ይከስሳል። የቢዩቱ ዳኛ ዊልያም ክላንሲ ደግሞ ለእርሱ መፍረድ ይወዱ ነበር። በኦክቶበር 22 ቀን 1903 ዳኛው እንደገና በአማልጋሜትድ ላይ ከባድ ውሳኔ ሰጡ።

ኩባንያው ይግባኝ በማለት አልተወሰነም። በዚያው ቀን ማዕድኖቹን፣ ማቅለጫዎቹንና የእንጨት ካምፖቹን በግዛቱ ሁሉ መዝጋት ጀመረ። ሕዝቧ ሩብ ሚሊዮን ገደማ በሆነ ግዛት፣ ክረምት በር ላይ በቆመበት ወቅት፣ ከ15,000 በላይ ሠራተኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ። ኩባንያው ሥራ ለመጀመር ያቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ገዥው አስቸኳይ የምክር ቤት ስብሰባ ይጥራ፤ ምክር ቤቱም ተከራካሪ ወገን አድልዎ ያደርግብኛል ብሎ የጠረጠረውን ዳኛ ማስነሣት የሚችልበትን ሕግ ያውጣ።

ገዥው ጆሴፍ ቱል ስብሰባውን ጠሩ። ማዕድኖቹ ተከፈቱ። በዲሴምበር ሕጉ ወጣ።

ሕጉን ለብቻው ነጥሎ ላየው መጥፎ አይደለም፤ አድሏዊ ዳኛን መሸሽ የማንም ተከራካሪ መብት ነው፣ ዳኛ ክላንሲንም ገለልተኛ ብሎ የሚጠራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጥፋቱ ያለው ሕጉ በወጣበት መንገድ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ከየመንደራቸው ተነሥተው ሄለና የተሰበሰቡት ኒው ዮርክ የተቀመጠ ኩባንያ ስለ ፈለገ ነው። ድምፃቸውን ሲሰጡ ማንም አልከፈላቸውም። መክፈል አያስፈልግም ነበር፤ የመራጮቻቸው እንጀራ በአንድ እጅ ተይዟል።

ኩባንያው፣ ቆይቶ አናኮንዳ በሚለው ስሙ፣ በግዛቲቱ ላይ ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ሆኖ ኖረ። አብዛኞቹን የሞንታና ዕለታዊ ጋዜጦች በባለቤትነት ይዞ ነበር፤ የሸጣቸው በ1959 ነው። ጋዜጣው የኩባንያው፣ ደመወዙ የኩባንያው በሆነበት ከተማ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ምን ሊናገር እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ሁለቱ ሕጎች

ሞንታና በዚህ ሁኔታ ውስጥ እያለች፣ በኒው ዮርክ ሌላ ምርመራ አገሩን አስደነገጠ። በ1905 የግዛቱ ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ትልልቆቹን የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሲመረምር፣ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ የተባለው ጠበቃ መዝገብ ያስገልጥ ጀመር። ኒው ዮርክ ላይፍ የተባለው ኩባንያ በ1904ቱ ምርጫ ለቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመቻ 48,000 ዶላር ያህል መስጠቱ ተገለጠ። ገንዘቡ የማን ነው? ለሞት ቀናቸው ብለው በየወሩ ሳንቲም የሚቆጥቡ ሰዎች ያዋጡት ነው። ከእነርሱ መካከል ሩዝቬልትን የሚቃወሙ ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውንም የጠየቀ የለም።

የኩባንያ ገንዘብን በተመለከተ እስከ ዛሬ የሚነሡት ሁለት ጥያቄዎች ከዚህ ምርመራ ወጡ ማለት ይቻላል። አንደኛው፣ ተቀባዩ ባለሥልጣን ለሰጪው ምን ዕዳ ይገባበታል? አፍ ሲበላ ዐይን ያፍራል የሚለውን ያገራችንን አባባል አሜሪካኖቹ ባያውቁትም ፍርሃታቸው እርሱው ነበር። ሁለተኛው፣ የኩባንያው አስተዳዳሪ የባለአክሲዮኖችንና የደንበኞችን ገንዘብ ይዞ የራሱን ፖለቲካ ማራመድ ይችላል ወይ?

ሩዝቬልት ራሱ ነቀፋው ደርሶበት ኩባንያዎች ለምርጫ እንዳይሰጡ ይከልከል ብሎ ለኮንግረስ ጥሪ አቀረበ። በጃንዋሪ 1907 የጸደቀው ሕግ ግን በሌላ ሰው ስም ይጠራል፦ የቲልማን ሕግ። ቤንጃሚን ቲልማን የሳውዝ ካሮላይና ሴናተር ነበር፤ በ1895 በግዛቱ ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከምርጫ ካስወጡት ቀንደኛ ዘረኞች አንዱ ነው። የሕዝብን ድምፅ ከኩባንያ ገንዘብ የጠበቀው የመጀመሪያው የፌዴራል ሕግ የሕዝብን ድምፅ በቀለም የቀማ ሰው ስም ይዞ መኖሩ፣ የፖለቲካ ማሻሻያ በንጹሐን እጅ ብቻ እንደማይወለድ ያስታውሳል። ሕጉ ኩባንያዎች ለፌዴራል ዕጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ ይከለክላል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል አካል ግን አላቋቋመም። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን እንዲቋቋም የተወሰነው በ1974 ነው።

የሞንታና ሰዎች ከዚህ ርቀው ሄዱ። ምክር ቤታቸው በማን እጅ እንዳለ ያውቁ ስለነበር እርሱን አልጠበቁም። በ1906 ሕዝቡ በፊርማ ሕግ አመንጭቶ በድምፅ የሚያጸድቅበትን መንገድ በሕገ መንግሥታቸው አስገብተው ነበርና፣ በ1912 ራሳቸው ያረቀቁትን የምርጫ ብልሹነት ሕግ በቀጥታ አጸደቁ። ሕጉ ኩባንያ ለዕጩ ገንዘብ እንዳይሰጥ በመከልከል አላበቃም፤ ዕጩን ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም በራሱ ገንዘብ እንዳያወጣም ከለከለ። ልዩነቱ ቀላል ሊመስል ይችላል። መስጠትን የሚከለክል ሕግ ፖስታውን የፈራ ሕግ ነው። ማውጣትንም የሚከለክል ሕግ፣ ፖስታ ሳያስፈልግ ሜዳውን የሚሞላውን ጉልበት ያየ ሰው የጻፈው ነው።

የጉቦ ትርጉም ሲጠብ

የሞንታና ሕግ ለመቶ ዓመት ያህል ቆመ። የናደው ስለ ሞንታና ያልተነሣ ክርክር ነው።

ሲቲዝንስ ዩናይትድ የተባለ ወግ አጥባቂ ድርጅት በ2008 ሂላሪ ክሊንተንን የሚያብጠለጥል ፊልም ሠራ። የ2002 የምርጫ ሕግ ደግሞ በኩባንያ ገንዘብ የተሠራ እንዲህ ያለ ዝግጅት ምርጫ በተቃረበባቸው ቀናት በቴሌቪዥን እንዳይታይ ያግድ ነበር። ድርጅቱ ከሰሰ። በማርች 2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክር ላይ ዳኞቹ የመንግሥቱን ጠበቃ አንድ ከባድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ፊልሙ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ፣ በኩባንያ ገንዘብ የሚታተም መጽሐፍ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲታገድ ይፈቅዳል? ጠበቃው መንግሥት ሊያግደው እንደሚችል አመነ። ብዙ ታዛቢዎች ጉዳዩ በዚያች ቅጽበት እንደተወሰነ ያምናሉ።

በጃንዋሪ 21 ቀን 2010 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ፣ ተናጋሪው ኩባንያ በመሆኑ ብቻ የፖለቲካ ንግግሩ አይታገድም አለ። የውሳኔው ዋና ማጠፊያ ግን ስለ ብልሹነት የሰጠው ትርጉም ነው። መንግሥት የምርጫ ገንዘብን መገደብ የሚችለው ጉቦን፣ ማለት የሰጥቶ መቀበል ውልን፣ ለመከላከል ብቻ ነው፤ ከዕጩው ጋር ሳይመካከር በግሉ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ እንዲህ ያለ ውል አይወልድም፤ በባለሥልጣን ዘንድ መሰማትና መወደድም ብልሹነት አይባልም። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ 90 ገጽ በሚያህል ተቃውሞ መለሱ። ኩባንያ አይመርጥም፣ ለሥልጣን አይወዳደርም፣ የዜጋ ስሜት የለውም፤ ሕጉ ለንግድ ሲል የሰጠውን ዕድል ለምርጫ ሲጠቀምበት ዜጎች ይዋጣሉ የሚል ነው ጭብጣቸው።

ውሳኔው ሁሉን አልከፈተም። ኩባንያ በቀጥታ ለፌዴራል ዕጩ ገንዘብ መስጠቱ ዛሬም ክልክል ነው። ይሁን እንጂ በማርች 2010 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን አመክንዮ አንድ እርምጃ አስኬደው፦ ለብቻ የሚወጣ ገንዘብ ካላበላሸ፣ ለብቻ ለሚያወጣ ቡድን ገንዘብ መስጠትም አያበላሽም። ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ከኩባንያም ከግለሰብም ያለ ጣሪያ መቀበል የሚችሉ የዘመቻ ቡድኖች የተወለዱት ከዚህ ነው።

ግዛት ከአገር ጋር ሲከራከር

ከሲቲዝንስ ዩናይትድ ውሳኔ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ራሱ የሞንታና ሕግ ተከሰሰ። ከሳሾቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም በዓይነታቸው ይለያያሉ። ዌስተርን ትራዲሽን ፓርትነርሺፕ የተባለው ቡድን ለጋሾችን ሲያግባባ ያሰራጨው ጽሑፍ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ስጡ፣ መስጠታችሁንም ማንም አያውቅም የሚል መንፈስ ነበረው። ሁለተኛው የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ነው። ሦስተኛው ሠራተኛ የሌለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ያቋቋመው የቀለም ቅብ ድርጅት ነው፤ ባለቤቱ በድርጅቱ ገንዘብ የፖለቲካ አቋሙን መግለጽ ፈለገ።

የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስቲቭ ቡሎክ ሕጉን ለመከላከል ታሪክ ይዘው ቀረቡ፤ ክላርክን፣ አማልጋሜትድን፣ ጋዜጦቹን። በዲሴምበር 30 ቀን 2011 የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለሁለት ፈረደላቸው። ዋሽንግተን የኩባንያ ወጪ እንደማያበላሽ የወሰነችው ማስረጃ ስላልቀረበላት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ማስረጃው ታሪካችን ነው አሉ ዳኞቹ። ለቀለም ቀቢውም፣ አንተ ራስህ እንደ ዜጋ መናገር ማን ከለከለህ የሚል መልስ ሰጡት።

ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ጄምስ ኔልሰን ነበሩ። ኔልሰን የሲቲዝንስ ዩናይትድን ውሳኔ ከልባቸው ይጠሉታል፤ ኩባንያ ሰው ነው የሚለውንም አይቀበሉም። ነገር ግን የበታች ፍርድ ቤት የበላዩን ውሳኔ ስላልወደደው ብቻ ሊያልፈው አይችልም፤ ዋሽንግተን ወስናለች፣ እኛም ታስረናል ብለው በባልደረቦቻቸው ላይ ድምፅ ሰጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕግ አክባሪነት ምን ያህል ሊያምም እንደሚችል ያሳየ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው።

ትክክል የገመቱትም እርሳቸው ሆኑ። በጁን 25 ቀን 2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ክርክር እንኳ ሳይሰማ፣ አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ፣ እንደገና አምስት ለአራት፣ የሞንታናን ውሳኔ ሻረው። የመቶ ዓመቱ ሕግ ሞተ። ያን ዓመት በኖቬምበር ከአራት የሞንታና መራጮች ሦስቱ ያህል ኩባንያ የሰው ልጅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም የሚል መግለጫ በድምፃቸው አጸደቁ። መግለጫው ማንንም የሚያስገድድ ኃይል አልነበረውም። በዚያው ቀን ቡሎክ የግዛቱ ገዥ ሆነው ተመረጡ።

የሌላው ወገን እውነት

ገደቡን የሚቃወሙ ሁሉ የሀብታም ጠበቃ ናቸው ማለት ክርክሩን አለመስማት ነው። ከነጥቦቻቸው ሦስቱ ከባድ ናቸው።

አንደኛ፣ ጋዜጣና ማተሚያ ቤት ኩባንያ ነው። ኩባንያ ስለ ፖለቲካ እንዳይናገር የሚያግድ ሕግ ጋዜጣን በምን ይለየዋል? ሕጎቹ ለመገናኛ ብዙኃን የተለየ በር ያበጃሉ፤ ነገር ግን ማን ጋዜጠኛ እንደሆነ የሚወስነው መንግሥት ከሆነ ነገሩ አስፈሪ ነው። ሁለተኛ፣ የምርጫ ሕግ የሚያወጡት የተመረጡ ሰዎች ናቸው። በወንበር ላይ ያለ ስሙ ይታወቃል፤ ገንዘብ ሲገደብ የሚጎዳው ራሱን ማስተዋወቅ ያለበት አዲስ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ብዙ ገንዘብ ሁልጊዜ አያሸንፍም።

ለሦስተኛው ሲያትል ጥሩ ምስክር ናት። በ2019 የከተማው ምክር ቤት ምርጫ አማዞን ለንግድ ምክር ቤቱ የዘመቻ ቡድን 1.45 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ለአንድ ከተማ የወረዳ ወንበሮች ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ነገሩ ራሱ የምርጫው አጀንዳ ሆነ። ቡድኑ የደገፋቸው አብዛኞቹ ዕጩዎች ተሸነፉ፤ ዋነኛ ዒላማ የነበረችው ሶሻሊስቷ ክሻማ ሳዋንት አሸነፈች።

እንግዲህ ገንዘብ ካላሸነፈ ጭንቀቱ ምንድን ነው? መልሱ በ1903ቱ ታሪክ ውስጥ አለ። የኩባንያ ጉልበት የሚለካው ባሸነፋቸው ምርጫዎች ብዛት ብቻ አይደለም፤ ገና ሳይወጣ በሚያሳድረው ፍርሃት ጭምር ነው። በ2024 ኮይንቤዝና ሪፕል የተባሉት የዲጂታል ገንዘብ ኩባንያዎች፣ አንድሪሰን ሆሮዊትዝ ከተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ጋር ሆነው፣ ፌርሼክ የተባለውን ሱፐር ፓክ በገንዘብ ሞሉት። ቡድኑና አጋሮቹ በዚያ ዓመት ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሴኔት ማጣሪያ ኬቲ ፖርተርን በመቃወም 10 ሚሊዮን ያህል ፈሰሰ። ማስታወቂያዎቹ ስለ ዲጂታል ገንዘብ ያነሡት ነገር የለም፤ የተናገሩት ስለ ሴትዮዋ ታማኝነት ነው። ፖርተር ያለዚያም ልትሸነፍ ትችል ነበር። ነገር ግን መልእክቱ ለካሊፎርኒያ መራጭ የተላከ አይመስልም፤ ለኮንግረስ አባላት ነው። ምርጫው እንዳለቀም ቡድኑ ለ2026 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማዘጋጀቱን አስታወቀ። ይህን የሰማ የኮንግረስ አባል በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዲጂታል ገንዘብ ቁጥጥር ድምፅ ሲሰጥ ማንም ፖስታ አላቀበለውም፤ ከማንም ጋር ውል የለውም። በኬኔዲ ትርጉም ንጹሕ ነው። በሞንታና ሰዎች ትርጉም ግን ማዕድኑ ሊዘጋ እንደሚችል የተነገረው ሰው ነው።

የቀሩት በሮች

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠባቡን ትርጉም እስከያዘ ድረስ ገደብ ፈላጊዎች በሦስት በሮች ለመግባት እየሞከሩ ነው።

የመጀመሪያው ግልጽነት ነው። ሲቲዝንስ ዩናይትድ ራሱ፣ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ማን ምን ያህል እንደሰጠ ይፋ ይሁን የሚለውን ሕግ አጽንቶታል። ሞንታና በ2015 በምርጫ ገንዘብ የሚያወጡ ቡድኖች ለጋሾቻቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ ከሁለቱም ፓርቲ ድጋፍ አግኝቶ ነው ያለፈው። በ2016 ደግሞ አርት ዊቲች የተባለው የግዛቱ ሕግ አውጪ፣ በ2010 ዘመቻው ከኩባንያ ቡድኖች ያልተመዘገበ ሕገ ወጥ አገልግሎት ተቀብሏል ተብሎ በዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ጥፋተኛ ተባለና 68,232 ዶላር ተቀጣ። ግልጽነት ይሠራል ማለት ነው፤ ሆኖም ፍርሃትን አያስወግድም። የፌርሼክ ለጋሾች አልተደበቁም። መታወቃቸው ለማስፈራሪያው እንዲያውም ይጠቅማል።

ሁለተኛው በር ከላይ ያለውን ገንዘብ ከመገደብ ይልቅ ከታች ያለውን ማብዛት ነው። ሲያትል በ2015 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው የዴሞክራሲ ቫውቸር ዋናው ምሳሌ ነው። ከተማዋ በምርጫ ዓመት ለእያንዳንዱ ነዋሪ መራጭ አራት ባለ 25 ዶላር ቫውቸር ትልካለች፤ ነዋሪው ለወደደው ዕጩ ይሰጠዋል፤ ዕጩው ቫውቸሩን በገንዘብ ለመለወጥ ዝቅተኛ የልገሳ ጣሪያና የወጪ ገደብ መቀበል አለበት። ገንዘቡ በየዓመቱ ከንብረት ግብር ይሰበሰባል፤ እስከ 2025 ድረስ መጠኑ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተከሰሰውን ሥርዓት የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በሙሉ ድምፅ አጽንቶታል።

ይህ ሥርዓት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ከተማ በቀጥታ ይነካል። ቫውቸሩ ለዜጎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያዥም አመልክቶ መውሰድ ይችላል። በሲያትል የሚኖር፣ ዜግነት ያላገኘና መምረጥ የማይፈቀድለት ወገን፣ ወደ ምክር ቤት ዕጩ ሄዶ 100 ዶላር ማበርከት ይችላል፤ ገንዘቡ ከኪሱ አይወጣም። የፌዴራል ሕግም ቢሆን የውጭ ዜጎችን ልገሳ ሲከለክል ግሪን ካርድ ያላቸውን ከእገዳው አውጥቷል። ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ድምፅ የማይሰጥ ሰው በምርጫው ምንም ድርሻ የለውም ብሎ ያልፋል። ቫውቸሩ ዕጩዎች ገንዘብ ፍለጋ ወደ ሀብታም ሰፈር ብቻ እንዳይሄዱ ምክንያት ሰጥቷቸዋል። ድክመቱ በ2019 ታየ፤ የውጭ ቡድኖች ገንዘብ ሲጎርፍ ከተማዋ አንዳንድ ዕጩዎችን ከወጪ ገደባቸው ለመልቀቅ ተገደደች። ከታች የፈሰሰው ውሃ ከላይ የወረደውን ጎርፍ አልመለሰም። በጃንዋሪ 2020 ምክር ቤቱ ከባለአክሲዮኖቻቸው መካከል አንድ የውጭ ዜጋ 1 በመቶ፣ ወይም የውጭ ዜጎች በጠቅላላው 5 በመቶ የያዙባቸው ኩባንያዎች በከተማው ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጡ ከለከለ። የውጭ ሰው በምርጫ አይግባ የሚለውን፣ ፍርድ ቤቱ ያልነካውን መርሕ ይዞ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ማስወጣት ብልሃት ነው።

ሦስተኛው በር ደግሞ የተንኳኳው በሞንታና ነው። ጄፍ ማንጋን፣ ቀድሞ የግዛቱ የምርጫ ሥነ ምግባር ኮሚሽነር የነበሩት ሰው፣ በ2025 ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። አመክንዮው እንዲህ ነው። ሲቲዝንስ ዩናይትድ የተናገረው ኩባንያ ስላለው መብት ነው። ኩባንያ ግን ከመብት በፊት የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ መኖርና ሥልጣን። አክሲዮን ማኅበር የሚፈጠረው በግዛት ሕግ ነው፤ መክሰስና መከሰስ፣ ንብረት መያዝ፣ ውል መዋዋል የሚችለው ሕጉ እነዚህን ሥልጣኖች ስለሰጠው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ማርሻል በ1819፣ ኩባንያ ሕግ የፈጠረው ሰው ሠራሽ አካል መሆኑንና ያለውም መፍጠሪያው የሰጠው ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲያው ግዛቱ በንግድ ሕጉ ላይ በምርጫ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን አልሰጠሁም ቢል፣ የከለከለው ንግግር የለም፤ መጀመሪያውኑ ያልሰጠው ሥልጣን ነው።

ሐሳቡ ሕግ ቢሆን እንኳ ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ ተቃዋሚዎች ግዛት በአንድ እጁ ኩባንያ አቋቁም እያለ በሌላው መብቱን በሥልጣን ስም ሊነጥቀው አይችልም ይላሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ጋዜጣውና ማኅበሩ በምን ይለያሉ የሚለው የቀድሞ ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ውሉን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል። ባለአክሲዮን ኩባንያው ሲከስር ቤቱ አይሸጥበትም፤ ኩባንያው መሥራቾቹ ሲሞቱ አይሞትም፤ ከአንድ ሚሊዮን ሰው የተዋጣ ካፒታል በአንድ ፊርማ ይንቀሳቀሳል። እነዚህን ዕድሎች የሰጠው ሕዝብ ነው፤ የሰጠውም ማዕድን እንዲወጣ፣ ባቡር እንዲዘረጋ፣ መድኃኒት እንዲሠራ ብሎ ነው።

በዕድሉ የተገኘው ጉልበት ተመልሶ ሕዝቡ ተወካዩን በሚመርጥበት ሜዳ ላይ ሲወርድ፣ ሰጪው ሕዝብ ለምን የሚል ቃል የመናገር መብት አለው። የምርጫ ገንዘብ ሕግ ጉቦን ብቻ የሚያይ ከሆነ ይህ ጥያቄ ለዘላለም ውጭ ይቆማል። ጥሩ ሕግ የሚለካው ስንት ጉቦኛ ባሰረ ቁጥር አይደለም፤ አንድ ተወካይ ትልቅ ኩባንያ የማይወደውን ድምፅ ሰጥቶ በሚቀጥለው ምርጫ በሥራው ብቻ ተመዝኖ መመለስ ወይም መውደቅ መቻሉ ነው መለኪያው።